ስኩተሩ አልሞላ ሲል፦ ላም ባልዋለበት ኩበት አንልቀም



የዛሬው ትምህርት ከጥቁር ሰሌዳ ሳይሆን ከደጃፋችን የተነሣ ነው። ትምህርት በተከፈተ በሁለተኛው ሳምንት፣ ከአዘና አካባቢ የሚያስተምር አንድ የቀድሞ ሠልጣኛችን የኤሌክትሪክ ስኩተሩን በአይሱዙ ጭኖ ወደ ተቋማችን መጣ። «ጋሼ፣ ኮረንቲ አልቀበል ብሎኛል፤ ሌሊቱን ሙሉ ሰክቼው አድሬ ጠዋት እንደ ነበረው ነው» አለኝ። እኔም የኤሌክትሪክ ትምህርት የማስተምር ሰው ነኝና፣ በዙሪያችን የተሰበሰቡት ሠልጣኞች እያዩኝ፣ ቻርጀሩን ግድግዳ ላይ ሰካሁት። አረንጓዴ መብራት በራ። ከስኩተሩ ጋር አገናኘሁት፤ መብራቱ አሁንም አረንጓዴ ነው። «ቻርጀሩ ይሠራል፤ ስለዚህ የሞተው ባትሪው ነው» ብዬ ፈረድኩ።

መምህሩ አንገቱን ደፋ። ለካስ አንድ ሌላ ሰውም ይህንኑ ብሎት ኖሮ፣ አዲስ ባትሪ ለመግዛት ወይፈን ሊሸጥ ከቤተ ሰቡ ጋር ተማክሮ ነው የመጣው። በዚህ መኻል ከሠልጣኞቹ አንዷ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ይቅርታ መምህር፤ አረንጓዴው መብራት ባትሪውን አየሁት ማለቱ ነው ወይስ ምንም አላየሁም ማለቱ ነው?» አለች።

ጥያቄዋ ትክክል ነበር። መልሱን ሳላውቀው ቀርቼ አይደለም፤ ሳልጠይቀው ነው የፈረድኩት። መልቲሜትር አምጥተን የቻርጀሩን ጫፍ ስንለካ ዜሮ ቮልት ሆነ። ገመዱን ከጫፉ አጠገብ ጠምዘዝ ሲያደርጉት 67 ቮልት ብቅ ይልና እልም ይላል። ሽቦው ከላስቲኩ ውስጥ ተበጥሷል! ከግድግዳው ነቅለን፣ የተበጠሰውን ቆርጠን፣ በስታኞ በይደን፣ በናስትሮ ጠቀለልነው። ቻርጀሩ ቀይ አበራ፤ ከጥቂት ሰዓት በኋላም ስኩተሩ ሞልቶ ተገኘ። ወይፈኑ ከበረቱ አልወጣም።

የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ይባላል። ይህ ጽሑፍ የእኔ ዓይነት ችኮላ በሌላ እንዳይደገም የተዘጋጀ ነው። ሁለት ነገር ያስተምራል፤ አንደኛው አልሞላ ያለን ስኩተር በቅደም ተከተል መመርመር ነው፤ ሁለተኛው ይህንኑ አካሄድ ወደ መማሪያ ክፍል መውሰድ ነው።

1. ጉዳዩ ለምን ይመለከተናል?

አገራችን በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. ከከለከለች ወዲህ በኤሌክትሪክ የሚነዳ ተሽከርካሪ በከተማም በገጠርም መታየት ጀምሯል። ኃይሉ የሚመነጨውም ከእኛ ሩቅ አይደለም። ከጣና ሐይቅ ውኃ የሚያገኘው የጣና በለስ ማመንጫ በ2002 ዓ.ም. ሲመረቅ 460 ሜጋ ዋት እንዲያመነጭ ተደርጎ ነው የተሠራው። ከእንጅባራ በቻግኒ በኩል ወርዶ ወደ ጉባ የሚዘልቀው መንገድ የሚያደርሰው ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ደግሞ በጳጉሜን 2017 ዓ.ም. የተመረቀ ሲሆን አቅሙ 5,150 ሜጋ ዋት ነው።

እንግዲህ ኃይሉ አለ፣ ስኩተሩም መጥቷል፤ የቀረው እውቀቱ ነው። እናንተ ነገ ተመድባችሁ በምትሄዱበት ቀበሌ የኤሌክትሪክ ባለሙያ ላይኖር ይችላል። ሰው «መምህሩ ያውቃል» ብሎ ወደ እናንተ ይመጣል። ያን ጊዜ የምትሰጡት ፍርድ ወይ የአንድን ቤተ ሰብ ገንዘብ ያድናል፣ ወይ ያባክናል። ሲከፋም ቤት ሊያቃጥል ይችላል።

2. የኮረንቲው መንገድ

አዊ የፈረስ አገር ነው። በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በእንጅባራ የአገው ፈረሰኞች በዓል ሲከበር ያየ ሰው ፈረስ እንዴት እንደሚያዝ አይነገረውም። አንድ ፈረስ መኖ አልበላ ቢል ባለቤቱ ወዲያው «ሞቷል» አይልም። በመጀመሪያ መኖው አለ ወይ? ደኅና ነው ወይ? ብሎ ያያል፤ ቀጥሎ አፉን፣ ጥርሱን፣ ጉሮሮውን ይመለከታል፤ ሆዱን የሚዳብሰው በመጨረሻ ነው። ስኩተርም እንዲሁ ነው። ኮረንቲው ከግድግዳ ተነሥቶ ባትሪው ውስጥ እስኪገባ ድረስ ስድስት ጣቢያ ያልፋል፦

ሀ) የግድግዳው ሶኬት፣ ማከፋፈያ ገመድ ካለም እርሱ፤
ለ) የግድግዳውን 220 ቮልት ተለዋዋጭ ኮረንቲ ተቀብሎ ወደ ቀጥተኛ ኮረንቲ የሚለውጠው ቻርጀር፤
ሐ) ከቻርጀሩ ወጥቶ ወደ ስኩተሩ የሚሄደው ገመድና ጫፉ፤
መ) በስኩተሩ ላይ ያለው መሰኪያ ቀዳዳ፣ ከውስጥ ያለው ሽቦና ፊውዝ፤
ሠ) በባትሪው ሣጥን ውስጥ ያለው ተቆጣጣሪ ሰሌዳ፣ በተለምዶ «ቢ.ኤም.ኤስ.» የሚባለው፤
ረ) ሴሎቹ ራሳቸው።

እነዚህ ሁሉ እንደ መቁጠሪያ በአንድ ክር ላይ የተሰኩ ናቸው። ከስድስቱ አንዱ ቢበጠስ ዑደቱ ይቋረጣልና ባትሪው አይሞላም። በውጭ የሚታየው ምልክት አንድ ነው፤ ምክንያቱ ግን ስድስት ሊሆን ይችላል። የእኔ ስሕተት ከ«ለ» ተነሥቼ «ሐ»ን፣ «መ»ንና «ሠ»ን ዘልዬ «ረ» ላይ መውደቄ ነው።

3. ከመንካት በፊት

ምርመራ ከመጀመሩ አስቀድሞ በዓይን፣ በአፍንጫና በእጅ ጀርባ ይታያል። ባትሪው አብጧል? የሚሸት ነገር አለው? ሳይሠራ ይሞቃል? ውኃ ገብቶበታል? ወይም ወድቆ ተሰንጥቋል? ከእነዚህ አንዱ ካለ ምርመራው እዚያው ላይ ያበቃል። ቻርጀሩ ይነቀላል፤ ስኩተሩ ከቤት ወጥቶ ከሣር ክዳን፣ ከጭድና ከእንጨት ርቆ ይቀመጣል፤ እንደገናም አይሰካም።

ሁለተኛ፣ ቻርጀሩ አይከፈት። ምክንያቱን በስሌት እንየው። የግድግዳው 220 ቮልት የሚባለው ውጤታማ ዋጋው ነው፤ ከፍተኛው ጫፍ ግን 220 ሲባዛ በ1.414፣ ማለትም 311 ቮልት ገደማ ነው። በቻርጀሩ ውስጥ ያለው ኮንደንሰር ይህን ያህል ይዞ፣ ከግድግዳው ከተነቀለም በኋላ ሊያቆየው ይችላል። በካቻቢቴ የሚነካው ሰው ይመታል።

ሦስተኛ፣ በሚለካበት ጊዜ የመልቲሜትሩ ሁለት መርፌዎች እርስ በርስ እንዳይነካኩ፣ ቀለበትና የእጅ ሰዓትም እንዲወልቅ ያስፈልጋል። የስኩተር ባትሪ ቮልቱ ከግድግዳው ያነሰ ቢሆንም በአጭር ዙር የሚለቀው ኮረንቲ ብረት ያቀልጣል።

4. ምርመራው በቅደም ተከተል

አንደኛ እርምጃ፤ ሶኬቱ። መብራት አለ? ብሬከሩ ወርዷል? ስልክ ሰክቶ «ይሞላል» ማለት ብቻውን አይበቃም፤ ስልክ የሚወስደው ኃይል እጅግ ጥቂት ነውና በላላ ሶኬትም ይሞላል። የስኩተር ቻርጀር ግን ብዙ ይጠይቃል። ለምሳሌ 67.2 ቮልትና 5 አምፔር የሚሰጥ ቻርጀር 336 ዋት ያወጣል ማለት ነው። ስለዚህ የሚሻለው መፈተኛ በርከት ያለ ኃይል የሚወስድ ዕቃ፣ ለምሳሌ የልብስ ካውያ ነው። ካውያው በደንብ ከጋለ ሶኬቱ ደኅና ነው። ስፒናው ሲነካ የሚፍለቀለቅ፣ የሚንጫጫ ወይም የሚሞቅ ከሆነ ግን ጥፋቱ እዚያው ተገኘ። ማከፋፈያ ገመድ ካለ ይወገድና ቻርጀሩ በቀጥታ ከግድግዳው ይሰካ። በገጠር መስመር ማታ ማታ፣ ሁሉም ምጣድና ምድጃ በሚሰካበት ሰዓት፣ ቮልቱ ይወርዳል፤ አምፖል ሲደበዝዝ ይታወቃል። አንዳንድ ቻርጀር በዝቅተኛ ቮልት ሥራ ያቆማልና እንዲህ ከሆነ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ሳይሆን በቀን፣ ሰው ባለበት ሰዓት መሞከር ነው።

ሁለተኛ እርምጃ፤ ቻርጀሩ። ከስኩተሩ ሳይገናኝ ግድግዳው ላይ ብቻ ይሰካ። ምንም መብራት ካልበራ ከሶኬቱ ወደ ቻርጀሩ የሚሄደው ገመድ ይለወጥና ይታይ፤ ብዙውን ጊዜ ይህ ገመድ ከኮምፒዩተር ገመድ ጋር አንድ ዓይነት ነውና ለመሞከር ይቀላል። ገመዱም ተለውጦ ካልበራ ቻርጀሩ ተበላሽቷል።

ሦስተኛ እርምጃ፤ የቻርጀሩ ጫፍ። መልቲሜትሩ በቀጥተኛ ኮረንቲ 200 ቮልት ላይ ይደረግና ጫፉ ይለካ። የሚነበበው ቁጥር በቻርጀሩ ጀርባ ላይ «አውትፑት» ተብሎ ከተጻፈው ጋር መቀራረብ አለበት። ዜሮ ከሆነ ገመዱን ከሁለቱም ጫፍ አጠገብ ቀስ ብሎ ማጠፍ ነው፤ ገመድ የሚበጠሰው ዘወትር በሚታጠፍበት ቦታ ነውና። ነገር ግን አንድ ማስታወሻ፦ አንዳንድ ቻርጀር ባትሪ መገናኘቱን ካላወቀ ቮልት አያወጣም። ስለሆነም ዜሮ የተነበበ እንደሆነ፣ ከተቻለ ከዚያው ሞዴል ሌላ ደኅና ቻርጀር ተውሶ ማነጻጸር ያስፈልጋል።

የመብራቱን ቋንቋ እዚህ ላይ እንማር። በአብዛኛው ቻርጀር ቀይ «እየሞላሁ ነው» ማለት ነው። አረንጓዴ ግን ሁለት ፍቺ አለው፤ «ሞልቷል» ወይም «የሚቀበለኝ የለም»። ባዶ መሆኑ በታወቀ ባትሪ ላይ ወዲያው አረንጓዴ ከበራ ፍቺው ሁለተኛው ነው፤ ዑደቱ አንድ ቦታ ላይ ተቋርጧል። ቀይና አረንጓዴ የሚቀያየር ከሆነ ደግሞ የላላ ግንኙነት አለ፣ ወይም ተቆጣጣሪው ሰሌዳ ከፈት ዘጋ እያደረገ ነው።

አራተኛ እርምጃ፤ መሰኪያው ቀዳዳ። በክረምት የአዊ መንገድ ምን እንደሚመስል ለእናንተ መንገር አያስፈልግም። ጭቃና ውኃ በቀዳዳው ገብቶ ይደርቃል፤ መዳቡም አረንጓዴ ዝገት ያወጣል። ቻርጀሩ ተነቅሎ፣ ስኩተሩም ጠፍቶ፣ በደረቅ የጥርስ ብሩሽ ይጠረግ። ውኃ፣ ቤንዚን፣ ዘይት አይነካውም። የታጠፈ እግር ካለ፣ ወይም ቀዳዳው ቀልጦ ከጠቆረ፣ ይህ የሞቀ ግንኙነት ምልክት ነውና ቀዳዳው መለወጥ አለበት። ቀጥሎ በስኩተሩ በኩል ያለው ቮልት ይለካ። እዚህ የባትሪው ቮልት ከተነበበ ከቀዳዳው እስከ ባትሪው ያለው መንገድ ደኅና ነው። ዜሮ ከተነበበ ግን ወዲያው አይፈረድም፤ አንዳንዱ ስኩተር ኮረንቲ ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚከለክል ዕቃ ስላለው ቀዳዳው ላይ ምንም አይነበብም። ባትሪው ወደ ሞተሩ የሚልክበት ዋናው ሶኬት ላይ ለክቶ ማነጻጸር ነው።

አምስተኛ እርምጃ፤ ፊውዝና ብሬከር። ተለቅ ያሉት ስኩተሮች ከመቀመጫው ሥር ብሬከር አላቸው፤ በጉድጓድ ንቅናቄ ሊወርድ ይችላል። ፊውዙ ከቦታው ወጥቶ በመልቲሜትሩ የመገናኘት መፈተኛ ይታይ። ከተቃጠለ በዚያው መጠን ይተካ። በፊውዝ ፋንታ የሽቦ ቁራጭ መጠምጠም ዘበኛን አባርሮ በር ከፍቶ እንደ መተኛት ነው።

ስድስተኛ እርምጃ፤ ባትሪው። እዚህ የምንደርሰው ሌላው ሁሉ ደኅና ከሆነ ብቻ ነው። የሊቲየም ባትሪ ሴሎች በተከታታይ የተያያዙ ናቸው። የአንዱ ሴል መደበኛ ቮልት 3.6 ወይም 3.7፣ ሲሞላ 4.2 ነው። ስለዚህ አብዛኛውን ጊዜ፦

36 ቮልት የሚባለው 10 ሴል ሲሆን ሲሞላ 42 ቮልት፤
48 ቮልት የሚባለው 13 ሴል ሲሆን ሲሞላ 54.6 ቮልት፤
60 ቮልት የሚባለው 16 ሴል ሲሆን ሲሞላ 67.2 ቮልት፤
72 ቮልት የሚባለው 20 ሴል ሲሆን ሲሞላ 84 ቮልት ይሆናል።

የአንድ ሴል ባዶነት 3 ቮልት ገደማ ነው። ስለሆነም በ16 ሴል ባትሪ ላይ ከ48 እስከ 67 ቮልት ቢነበብ ጠቅላላ ቮልቱ ጤናማ ነው። ከ40 በታች ከሆነ ግን ሴሎቹ በአማካይ ከ2.5 ቮልት በታች ወርደዋልና ከመጠን በላይ ተሟጠዋል ማለት ነው። የሊድ አሲድ ባትሪ የሆነ እንደሆነ ሥራው ይቀላል፤ ባለ 12 ቮልት ባትሪዎቹ አራት፣ አምስት ወይም ስድስት ሆነው የተያያዙ ስለሆኑ እያንዳንዳቸው ለብቻ ይለካሉ። ሌሎቹ 12 ቮልት ሲሆኑ አንዱ ከ10.5 በታች ከሆነ ታማሚው እርሱ ነው።

5. አማካይ የሚደብቀው ሴል

እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስብ፤ የትምህርቱ ፍሬ ያለው እዚህ ነውና።

አንድ ባለ 10 ሴል ባትሪ ለካን እንበል፤ 34.8 ቮልት ተነበበ። ለ10 ስናካፍለው ለአንድ ሴል 3.48 ቮልት ይደርሳል። ደኅና ቁጥር ነው። ነገር ግን ቻርጀሩ ሲሰካ ተቆጣጣሪው ሰሌዳ በሩን ይዘጋል። ለምን? ሣጥኑን ባለሙያ ከፍቶ እያንዳንዱን ሴል ሲለካ ዘጠኙ 3.7 ቮልት ናቸው፤ አንዱ ግን 1.5 ነው። ዘጠኝ ጊዜ 3.7 ማለት 33.3፤ 1.5 ሲደመር 34.8። አማካዩ አልዋሸም፤ ግን ደበቀ።

ተቆጣጣሪው ሰሌዳ የሚያየው ድምሩን ብቻ ሳይሆን እያንዳንዱን ሴል ነው። ከመጠን በላይ የወረደ ሴል ውስጡ ይጎዳል፤ መዳቡ ይሟሟል፤ እንደገና ሲሞላም ከውስጥ አጭር ዙር ሊፈጥር ይችላል። ስለዚህ ሰሌዳው «አልቀበልም» ሲል እየጠበቀን እንጂ እያስቸገረን አይደለም።

አሁን ወደ ሙያችን እንመለስ። በአንድ ክፍል አሥር ተማሪዎች ተፈትነው ዘጠኙ 74፣ አንዱ 30 ቢያመጣ የክፍሉ አማካይ 69.6 ነው። ርእሰ መምህሩ ሪፖርቱን አይቶ «ጥሩ ክፍል ነው» ይላል። 30 ያመጣው ልጅ ግን በአማካዩ ጀርባ ተደብቆ ዓመቱን ይጨርሳል። መምህር ድምሩን ብቻ ሳይሆን እያንዳንዱን የሚያይ ሰው መሆን አለበት። እንዲሁም አንድ ተማሪ «አልገባኝም» ሲል «ጭንቅላቱ አይቀበልም» ብሎ መፍረድ፣ ገመዱን ሳይለኩ «ባትሪው ሞቷል» እንደ ማለት ነው። ሰሌዳው ይታየዋል? ይሰማል? ቋንቋው ይገባዋል? በቤቱ አውንጊ እየተናገረ አድጎ በሌላ ቋንቋ የሚጠየቅ ልጅ ሊሆን ይችላል። ቁርስ በልቷል? የባለፈውን ዓመት ትምህርት ይዟል? ከግድግዳው ጀምረን ነው ወደ ሴሉ የምንደርሰው።

6. ክረምት፣ ብርድና መጋዘን

መምህራን በሰኔ መጨረሻ ትምህርት ሲዘጋ ስኩተሩን ባዶውን አቁመው ወደ አገራቸው ይሄዳሉ፤ በመስከረም ተመልሰው ሲሰኩት አይሞላም። ስኩተሩ ቆሞም ቢሆን ተቆጣጣሪው ሰሌዳ ጥቂት በጥቂት ይበላልና ባዶ የነበረው ባትሪ ከወለሉ በታች ይወርዳል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ የሊቲየም ባትሪ ለረጅም ጊዜ ሲቀመጥ በግማሽ ያህል ሞልቶ፣ በደረቅና ቀዝቃዛ ስፍራ ይቀመጥ፤ ከተቻለ በየወሩ ይታይ። የሊድ አሲድ ባትሪ ግን በተቃራኒው ሙሉ ሆኖ ነው የሚቀመጠው።

በደጋው በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ በሚወርድበት ሌሊት ውጭ ያደረ ሊቲየም ባትሪ ጠዋት ኮረንቲ ባይቀበል አይገርምም። ከዜሮ ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ሊቲየም ባትሪን መሙላት ሴሉን ስለሚጎዳ ብዙ ተቆጣጣሪ ሰሌዳ ይከለክላል። ወደ ቤት አስገብቶ በራሱ ጊዜ እስኪለዝብ መጠበቅ ነው። ምድጃ ዳር ማሞቅ ግን ክልክል ነው።

7. የማይደረጉ ነገሮች

«ተቆጣጣሪውን ሰሌዳ ዘለህ በቀጥታ ሽቦ አገናኘው፤ ይነቃል» የሚል ምክር በየመንደሩ ይሰማል። ይህ ምክር እሳት ነው። የሊቲየም ባትሪ በውስጡ ሲግል ራሱ ግለቱን እየጨመረ ይሄዳል፤ አንዱ ሴል የጎረቤቱን ሴል ያነዳል፤ የሚወጣው ጭስም መርዝ ነው። በሌላው ዓለምም ነገሩ ቀላል ሆኖ አልታየም። ለንደን የግል ኤሌክትሪክ ስኩተሮችን ከባቡርና ከአውቶቡሶቿ ያገደችው በእሳት ምክንያት እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2021 ነው። ኒውዮርክ ከተማም እ.ኤ.አ. በ2023 የደኅንነት ምስክር የሌለው ስኩተርና ባትሪ እንዳይሸጥ ደንግጋለች።

ሁለተኛው ክልክል የሌላ ሰው ቻርጀር «ጫፉ ገባልኝ» ብሎ መሰካት ነው። ለ48 ቮልት ሊድ አሲድ የተሠራ ቻርጀር እስከ 59 ቮልት ገደማ ሊሰጥ ይችላል። ይህንን 13 ሴል ባለው ሊቲየም ላይ ብንሰካው 59 ሲካፈል ለ13፣ ለአንድ ሴል 4.54 ቮልት ይደርሰዋል። ወሰኑ 4.2 ነበር። ተቆጣጣሪው ሰሌዳ ደኅና ከሆነ ይከላከላል፤ ካልሆነ ግን የሚከላከል የለም። ጫፍ መግባቱ ምስክር አይደለም፤ የሚነበበው በጀርባው የተጻፈው ነው።

ሦስተኛው፣ በመኝታ ቤት፣ በበር መውጫ ላይ ወይም በፍራሽ ላይ አስቀምጦ መሙላት፣ ሰክቶም መተኛት ነው። የሊድ አሲድ ባትሪም የራሱ አደጋ አለው፤ ሲሞላ የሚቀጣጠል ሃይድሮጂን ያወጣልና በተዘጋ ክፍል፣ ሲጋራና ኩራዝ ባለበት አይሞላም። እሳት ከተነሣ መጀመሪያ ሰው ይውጣ፤ ከዚያ ከቆጣሪው ኮረንቲ ይቋረጥ። ዕቃ ለማዳን አይገባም።

8. ወደ ክፍል ስንወስደው

ይህንን ትምህርት ለማስተማር ስኩተር አያስፈልግም፤ የስኩተርን ባትሪ ወደ ክፍል ማምጣትም አይገባም። የሚያስፈልገው አራት የእጅ ባትሪ ድንጋይ፣ አንድ ትንሽ አምፖል፣ ጥቂት ሽቦና ናስትሮ ነው። መምህሩ አስቀድሞ ሦስት ቡድን ዑደት ያዘጋጃል። በአንዱ ከላስቲኩ ውስጥ የተበጠሰ ሽቦ፣ በሁለተኛው የደከመ ድንጋይ፣ በሦስተኛው ሳይጠብቅ የተተወ አምፖል ይደብቃል። ሦስቱም አይበሩም። ተማሪዎቹ መንካት ከመጀመራቸው በፊት የኮረንቲውን መንገድ በወረቀት ይሥሉ፤ ቀጥሎም በእያንዳንዱ ጣቢያ «ይህ ደኅና መሆኑን በምን አወቅሁ?» ብለው ይጻፉ።

መምህሩ ነጥብ የሚሰጠው ቶሎ ላገኘው ሳይሆን በማስረጃ ላገኘው ነው። በግምት ያገኘ ተማሪ ዛሬ ዕድል ቀናው እንጂ መንገዱን አላወቀም። ዝም ብሎ የሚያስበውና በመጨረሻ አንድ ጥያቄ የሚያነሣው ልጅ እንዳይዋጥም ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የእኔን ስሕተት ያረመችው እንዲህ ያለች ሠልጣኝ ናትና።

9. የመለማመጃ ጥያቄዎች

1) ባለ 60 ቮልትና 20 አምፔር ሰዓት ባትሪ ስንት ዋት ሰዓት ይይዛል? 5 አምፔር በሚሰጥ ቻርጀር ከባዶ ለመሙላት ቢያንስ ስንት ሰዓት ይፈጃል? በተግባር ከዚህ ለምን ይበልጣል?

2) አንድ ቻርጀር ብቻውን ሲሰካ አረንጓዴ ያበራል፤ ባዶ መሆኑ ከታወቀ ስኩተር ጋር ሲገናኝም አረንጓዴ ነው። ጫፉ ሲለካ 54.6 ቮልት ነው። ከስድስቱ ጣቢያዎች የትኞቹ ነፃ ወጡ? የትኞቹስ ቀሩ?

3) አራት ባለ 1.5 ቮልት ድንጋዮች በተከታታይ ተያይዘው አንዱ በስሕተት ቢገለበጥ ጠቅላላ ቮልቱ ስንት ይሆናል?

4) ሰኔ 25 ቀን ትምህርት ተዘግቶ ወደ ቤተ ሰብ ልትሄዱ ነው። የስኩተራችሁ ባትሪ 10 በመቶ ቀርቶታል። ምን ታደርጋላችሁ? ምክንያቱን ጻፉ።

5) በማስተማር ልምምዳችሁ ጊዜ «ይህ ልጅ አይገባውም» ብላችሁ የፈረዳችሁበት ተማሪ ካለ፣ ሳትመረምሩ የዘለላችሁት ጣቢያ የትኛው ነበር?

መልሶቻችሁን ጽፋችሁ ከዚህ ጋዜጣ ጎን ባለው ሣጥን ክተቱ። የአራቱ ጥያቄዎች መልስ በሚቀጥለው እትም ይወጣል። የአምስተኛውን መልስ ግን የሚያውቀው እያንዳንዱ መምህር ራሱ ነው።